የድሮሴራ ዘር ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አልበቀለም?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ውጭ አገር የምትኖር እህቴ የአራት ዓይነት ድሮሴራ ዘር አምጥታልኝ ነበር፤ ካፔንሲስ፣ ስፓቱላታ፣ ቡርማኒ እና ኢንዲካ። ነፍሳት የሚበላ ተክል ለተማሪዎቼ በዓይናቸው ላሳያቸው ብዬ ከየፓኬቱ ግማሹን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዘራሁ። አፈሩ የጓሮ ጥቁር አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ነው። ዘሩን ስስ አፈር አለበስኩት፤ ጠዋት ጠዋትም አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን የቧንቧ ውሃ አጠጣዋለሁ። ሁለት ወር አለፈ፤ አረም እንጂ አንድም ድሮሴራ አልወጣም። ዘሩ ሞቶ ይሆን? ወይስ ሙቀት ስለሚወድ ሸዋ ሮቢት ላሉ ዘመዶቼ ልላከው? ቢበቅልስ ችግኙን ምን አበላዋለሁ? ሲያድግስ ጣርማ በር አካባቢ ረግረግ መሬት ላይ ልተክለው እችላለሁ?»

ምላሽ፦ መምህር፣ ከሁሉ በፊት በእጅዎ የቀረውን ግማሽ ዘር ዛሬውኑ ደኅና ቦታ ያኑሩት። በወረቀቱ እንዳለ ክዳኑ በሚጠብቅ ደረቅ ዕቃ ውስጥ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን አይግባ። በዚህ መንገድ የተቀመጠ የድሮሴራ ዘር የመብቀል አቅሙን ለዓመታት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አይቸኩሉ። አሁን ጥር ነው፤ የእኔ ምክር መጋቢት እስኪገባ እንዲጠብቁና እስከዚያ ውሃውንና አፈሩን እንዲያዘጋጁ ነው።

የተዘራው ግማሽ የሚወጣ አይመስለኝም። ይህን መናገር ደስ አይለኝም፤ ለተማሪዎቹ ሲል እንዲህ የደከመ መምህር ውጤቱን ማየት ይገባው ነበር። ነገር ግን ምክንያቱን በግልጽ ማወቅ ቀሪውን ዘር ያተርፋል። እርስዎ ለገብስና ለጎመን የሚደረገውን ሁሉ አድርገውለታል፤ ለም አፈር፣ የበሰበሰ ፍግ፣ አፈር ማልበስ፣ የዕለት ውሃ። ድሮሴራን የሚያጠፉት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። በዚህ ላይ የተዘራው ውርጭ በሚወርድበት ወር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ በጣም የሚከብዱት ውሃውና ሌሊቱ ስለሆኑ በሁለቱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ድሮሴራ በተፈጥሮው የሚኖረው ኮምጣጣ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነና ንጥረ ነገር የታጠበበት መሬት ላይ ነው። ጉልበቱን እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ያገኛል። ከመሬቱ ያጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ያሉት ቀያይ ፀጉሮች ጫፋቸው ላይ ሙጫ የሚይዙት ይህንኑ ከነፍሳት አካል ለማግኘት ነው። ሥሩ ቀጭንና ደካማ ነው፤ ተክሉን ከመያዝና ውሃ ከመሳብ ያለፈ ብዙ ሥራ የለበትም፤ የተከማቸ ጨውና ማዳበሪያም አይችልም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ለገብሱ አፈር ሲያቃጥል አፈሩ ውስጥ የታሰረውን ንጥረ ነገር እየፈታ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የዚህን ተቃራኒ፣ ምንም የማይሰጥ አፈር ነው። መረሬ፣ ማለትም የጓሮዎ ጥቁር አፈር፣ በሸክላነቱና በያዘው ማዕድን አይሆንም፤ ፍግ ከነጭራሹ አይሆንም፤ አመድም በተለይ ይጠንቀቁ፣ ኮምጣጣነቱን ያጠፋዋል።

የተለመደው ድብልቅ እኩል መጠን ፒት ሞስ (ከረግረግ መሬት የሚወጣ የበሰበሰ ሞስ) እና የታጠበ አሸዋ ነው። ፒት ሞስ የአበባ እርሻዎችና ችግኝ አፍዪዎች ይጠቀሙበታል፤ አዲስ አበባ የችግኝ ዕቃ ከሚሸጡ ቤቶች ይጠይቁ፤ ሲገዙም ማዳበሪያና ኖራ ያልተጨመረበት መሆኑን ከከረጢቱ ላይ ያንብቡ። ካጡት ኮኮፒት፣ ማለትም የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ፣ ይተካዋል፤ ነገር ግን ኮኮፒት ብዙ ጊዜ ጨው ስላለበት በዝናብ ውሃ እየዘፈዘፉና እየጨመቁ ደጋግመው ማጠብ ግዴታ ነው። በአሸዋ ፋንታ ለብሎኬት የሚገባውን ፑሚስ ጠጠር ወንፍተውና አጥበው መጠቀም ይችላሉ፤ እኔ እንዲያውም ከአሸዋው አስበልጠዋለሁ፣ አየር ያስገባልና። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ግን አስቀድመው ይፈትኑት። ከሰሜን ሸዋ ሸለቆዎች አንዳንዶቹ የኖራ ድንጋይ አላቸው፤ ከዚያ የሚወርድ አሸዋ ኖራ ይዞ ይመጣል። በማንኪያ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና አይጠቀሙበት። ይህ ራሱ ለክፍልዎ ጥሩ የኬሚስትሪ ሙከራ ይሆናል። ንጹሕ ከሆነ የአረም ዘር እንዳይኖርበት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቅሉት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ መፍላት ሲጀምር አያውጡት፣ ጊዜ ይስጡት።

ወደ ውሃው ልምጣ። ውሃውን አፍልተው ማጠጣትዎ ከጥንቃቄ የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል። ካልሲየሙንም በከፊል ማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት አድርጎ ያስቀረዋል። የቀረው የሟሟ ማዕድን ግን የትም አይሄድም፤ ውሃው በተነነ መጠን ይበልጥ ይጠነክራል። የተለመደው የቤት ውሃ ማጣሪያም ቢሆን ጭቃንና ተሕዋስያንን ያስቀራል እንጂ የሟሟውን ጨው አያስቀርም። ለሰው ንጹሕ የሆነ ውሃ ለድሮሴራ ንጹሕ ላይሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩን የሚያከብደው ድሮሴራ የሚጠጣበት መንገድ ነው። ዕቃው ውኃ ባለበት ትሪ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ ይሳባል፤ ከአፈሩ ገጽ ይተንናል፤ የያዘውን ጨው እዚያው ገጹ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ዘሩ የሚያርፈውና ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሥር የሚያወጣው ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ነው። ዛሬ የማይጎዳ የሚመስል ውሃ ከሦስት ወር በኋላ ችግኙን የሚያጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟን ነገር የሚለካ፣ እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ ትምህርት ቤትዎ ቢገዛው ብዙ ትምህርት ይወጣዋል። ለድሮሴራ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ይሁን፤ ለዘርና ለችግኝ ደግሞ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል።

ከሁሉ የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ በዚህ ድሃ አይደለም። የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናቦች ይለፏቸው፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባሉ። ቆርቆሮው አዲስ ከሆነ ዚንክ ስለሚለቅ ከጣሪያ አይቅዱ፤ ሰፊ የፕላስቲክ ገበታ ሜዳ ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ይቀበሉ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ነው። ምን ያህል እንደሚበቃዎትም ማስላት ይቻላል፦ ትሪዎ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በቀን 3 ሚሊ ሜትር ቢተንበት በቀን አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ 240 ቀን ብንል ወደ 86 ሊትር ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ከሞሉ በጋውን ያለ ሐሳብ ያልፋሉ ማለት ነው። ጀሪካኖቹ ዘይት፣ ጨው ወይም በረኪና ያልነካቸው ይሁኑ፤ አልጌ እንዳያበቅሉም ጨለማ ቦታ ያስቀምጧቸው።

ዘንድሮ የክረምቱ ውሃ ስላመለጠዎት እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የተጣራ ውሃ መግዛት ያስፈልግዎታል። የመኪና መለዋወጫ ቤቶች ለባትሪ የሚሸጡት የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን «የባትሪ ውሃ» ብለው ብቻ ከጠየቁ አሲድ ያለበትን ሊሰጡዎት ይችላሉ። አሲዱ ተክሉን ብቻ ሳይሆን እጅዎንና ዓይንዎንም ይጎዳል። «ዲስቲልድ ውሃ» ብለው ይጠይቁ፣ ጽሑፉን ያንብቡ፣ ተማሪም አይላኩ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የማዕድኑ መጠን ይጻፋል፤ ድምሩ ከ50 በታች ካልሆነ ይተዉት።

አሁን ሌሊቱን እንይ። «ድሮሴራ የሞቃት አገር ተክል ነው» የሚለው ነገር እርስዎንም ሌሎችንም የሚያሳስት ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን በካርታ ላይ በ9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን ላይ ያለች፣ በሐሩራዊው ቀጠና ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀኗ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቷ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚያወርድ ነው። ዘር ደግሞ የሚያየው የቀትሩን ሙቀት ብቻ አይደለም። የቡርማኒና የኢንዲካ ዘሮች ሌሊቱም ለብ ሲል፣ የቀኑ ሙቀት 25 እና 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚነቁ ናቸው። እርጥብ አፈር ላይ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ውስጥ ለሳምንታት የተቀመጠ ዘር ከመብቀል ይልቅ ለሻጋታ ይጋለጣል።

ስለዚህ ዘሮቹን እንደ አንድ ቤተሰብ ከማየት ይልቅ በየትውልድ አገራቸው ይለዩዋቸው። ካፔንሲስ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ አካባቢ ተወላጅ ነው። አገሩ ከሐሩራዊው ቀጠና ውጭ፣ ክረምቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። በትክክል ሐሩራዊ ሊባል አይችልም፤ ከአራቱ ዘሮችዎ ለደብረ ብርሃን በጣም የተመቸውም እሱ ነው። 5 ዲግሪ የሚነካ ሌሊት ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ ያደገው ተክል ቀላል ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው እንኳ ከሥሩ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ዘሩ ቀድሞ መቀዝቀዝ አይፈልግም፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። መጀመሪያ የሚዘሩት እሱን ይሁን።

ስፓቱላታ ከጃፓን እስከ ኒው ዚላንድ የተዘረጋ ነው፤ ስለዚህ ብርድ የሚችልም የማይችልም ወገን አለው። እህትዎ ፓኬቱ ላይ የአካባቢ ስም ተጽፎ እንደሆነ ያስታውሱ ይሆናል፤ ይጠይቋቸው። ካልታወቀ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ከካፔንሲስ ጎን ይዝሩት፤ ብዙ ጊዜ ይሳካል።

ቡርማኒና ኢንዲካ ናቸው ሸዋ ሮቢትን የሚያስፈልጓቸው። ቡርማኒ ከህንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ የሚኖር፣ በወራት ውስጥ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። የዳር ፀጉሮቹ በሰከንዶች ውስጥ ሲታጠፉ በዓይን ይታያሉ፤ ለክፍል ትርኢት ከሁሉም የሚያስደንቀው እሱ ነው። ኢንዲካም ዓመቱን ሳይጨርስ የሚያልፍ የቆላ ተክል ነው፤ ዘሩ ግን እልኸኛ ስለሆነ በመጨረሻ ይክፈቱት። ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን በመንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ብትሆንም 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በየ100 ሜትሩ ሁለት ሦስተኛ ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ብንወስድ እንኳ ከእርስዎ ቤት በግምት 9 ዲግሪ ትሞቃለች። ይህ ለሁለቱ ዘሮች በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ዘመዶችዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ግን ሁለት ነገር አጥብቀው ይንገሯቸው። አንደኛ፣ ውሃው እዚያም የዝናብ ወይም የተጣራ ይሁን፤ በቆላው ሙቀት ትሪው በፍጥነት ስለሚደርቅ የጉድጓድ ውሃ ቢጨመርበት ጨው የሚከማቸው ከደጋው ፈጥኖ ነው። ሁለተኛ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ዕቃ ቀጥታ ፀሐይ ላይ በፍጹም አይቀመጥ። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ቀትር ሁሉንም ይጨርሰዋል። በረንዳ ላይ፣ ደማቅ ጥላ ውስጥ፣ ዶሮና ፍየል በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

ደብረ ብርሃን ላይ መጋቢትን የመረጥኩት የበረታው ውርጭ ስላለፈና ከፊት ያሉት ወራት የዓመቱ ሞቃቶች ስለሆኑ ነው። የበልግ ዝናብም ውሃ ይሰጥዎታል፤ ችግኞቹም ወደ ቀጣዩ ጥቅምት ሲደርሱ ጠንካራ ሥር አውጥተዋል። ያም ሆኖ ሌሊቱን ማለዘብ ይገባል። መድኃኒት ወይም ዓሣ የሚመጣበትን የፎም ሳጥን ይፈልጉ፤ ማታ ዕቃዎቹን እዚያ ውስጥ አስገብተው ሙቅ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በጎናቸው ያኑሩና ይክደኑት፤ ጠዋት ያውጧቸው። የፈላ ውሃ ሳይሆን እጅ የሚችለው ይሁን። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከውሃ ትሪ ጋር እንዲያገናኙ አልመክርም። ማታ ከመስኮት መስታወት ያርቋቸው፤ ብርዱ ከዚያ ይወርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ከቆርቆሮ ቤት በጣም ይሻላል። ማእድ ቤት ሞቃት ቢሆንም ጭሱና የዘይቱ ተን ቅጠሉ ላይ ስለሚያርፍ ይቅር።

አዘራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥትን ግን ይፈልጋል። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ አልቀበልም ስለሚል ለብ ባለ የዝናብ ውሃ አሽተው ያርሱት፤ ከአሸዋው ጋር ቀላቅለው ቀዳዳ ባለው 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ዕቃ ይሙሉትና ገጹን ቀስ ብለው ያስተካክሉ። የሸክላ ዕቃ ማዕድን ስለሚለቅ ይተዉት። ዘሩ ከጤፍ የቀጠነ፣ ትንፋሽ የሚበትነው ነው፤ ስለዚህ መስኮትና በር ዘግተው፣ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሰው፣ ወረቀቱን በጣትዎ መታ መታ እያደረጉ ይበትኑት። አፈር አያልብሱት። የድሮሴራ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ የያዘው ስንቅም ጥቂት ስለሆነ ከአፈር ሥር ቢነቃ እንኳ ወደ ላይ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። ኅዳር ላይ ከሆኑት ሁሉ ምንም ሌላ ጥፋት ባይኖር ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። ከላይም ውሃ አያፍስሱበት፤ ዘሩን ጠራርጎ ወደ ዳር ይወስደዋል። ትሪው ላይ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይኑር፤ እሱም በፍጹም አይድረቅ፤ የአንድ ቀን ድርቀት የነቃን ዘር ይገድላል። ለእያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ዕቃ ይኑረው፤ ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ይሰኩበት። የፓኬቱን ሁሉ በአንድ ቀን አይዝሩ፤ ሲሶውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩ።

ሽፋን የሚሆነው ታችኛው ክፍሉ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ይክፈቱት። ችግኞቹ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጡ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ያስለምዷቸውና ሽፋኑን ያንሱ። ሻጋታ ካዩ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንስተው አየር ያብዙለት። ብርሃንን በሚመለከት፣ በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ከሚያዝያ 7 አካባቢ እስከ ነሐሴ 22 አካባቢ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ነች። የመስኮት ምርጫዎ ይህን ይከተል፤ የምሥራቅ መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ስለሚሰጥ ለችግኝ ይስማማል። የክረምቱ ደመና ሲበዛ ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖል ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በቀን 14 ሰዓት ያህል ያብሩላቸው። ፀጉሮቹ ቀይ ከሆኑና ጫፋቸው ላይ ጠብታ ከያዙ ብርሃኑ በቅቷቸዋል፤ አረንጓዴና ረጃጅም ከሆኑ ይጨምሩላቸው።

ደብረ ብርሃን ላይ ካፔንሲስ አንድ ወር ወይም ሁለት ወር ቢወስድ አይደንግጡ፤ አራት ወር ሳይሞላው ዕቃውን አይድፉ። በቅድሚያ የሚታየው 1 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ሁለት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፤ ያለ አጉሊ መነጽር አልጌ መስለው ያልፉዎታል። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ግን ሲወጣ ጀምሮ ፀጉርና ጠብታ ይዞ ይወጣል። ተማሪዎችዎን በአጉሊ መነጽር ማሳየት ያለብዎት ያን ቀን ነው። ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ለአደን ተዘጋጅቶ የሚወለድ ነገር ማየት ለብዙ ልጅ የዕፅዋትን ትምህርት የሚያስወድድ ይመስለኛል።

ስለ ምግቡ፣ ችግኙ ሳይበላም ይኖራል፤ የበላው ግን በጣም ፈጥኖ ያድጋል። የፍራፍሬ ዝንቦችን ከበሰለ ሙዝ ላይ ይዘው ያድርቁና በወረቀት መካከል ፈጭተው ዱቄት ያድርጓቸው፤ በስንጥር ጫፍ ቅንጣቷን ቅጠሉ ላይ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ያስቀምጡ። ለጌጥ ዓሣ የሚሸጠው ደረቅ ምግብም በዚሁ መንገድ ይሆናል። ቅንጣቷ ከቅጠሉ ግማሽ አትብለጥ። ሥጋ፣ አይብ፣ እንጀራ አይስጡ፤ ይበሰብስና ቅጠሉን ይዞት ይሄዳል። ነፍሳት መርዣ የተነፋባቸውን ዝንቦችም እንዲሁ።

መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። ቻርልስ ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የእንቁላል ነጭ ቁራሽ ድሮሴራ ላይ እያስቀመጠ ቅጠሉ እንዴት እንደሚያሟሟው አጥንቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ፍራንሲስ የተመገቡና ያልተመገቡ ተክሎችን አወዳድሮ የተመገቡት ብዙ ዘር እንደሚሰጡ አሳየ። ይህን ሁለቱንም በክፍልዎ መድገም ይቻላል። ችግኞቹን በሁለት ዕቃ ከፍለው አንዱን ብቻ ይመግቡ፤ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ቅጠል ይቁጠሩ፣ ስፋቱንም በማስመሪያ ይለኩ። ባደገ ካፔንሲስ ላይ ደግሞ በአንዱ ቅጠል የአሸዋ ቅንጣት፣ በሌላው የተቀቀለ እንቁላል ነጭ ፍርፋሪ ያስቀምጡ፤ አሸዋውን ቶሎ ይለቀዋል፣ እንቁላሉን ይጠቀልለዋል። ሙከራውን በማለዳ ሳይሆን በቀትር ያድርጉት፤ በብርድ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ልጆቹም ምንም አልሆነም ብለው ይሄዳሉ።

ጣርማ በር ላይ መትከሉን ግን እባክዎ ያውጡት ከሐሳብዎ። ጉምና እርጥበት አለና ይመቸዋል ብለው ማሰብዎ ይገባኛል። የሚያሳስበኝም መመቸቱ ነው። ካፔንሲስ ያለ ሌላ ተክል እርዳታ ራሱን በራሱ አዳቅሎ እጅግ ብዙ ዘር ይጥላል፤ ኒው ዚላንድና ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእጅ አምልጦ በዱር ሰፍሯል። ከጣርማ በር እስከ መንዝ ጓሳ ያለው ደጋ ሌላ ቦታ የሌሉ ዕፅዋት ቤት ነው፤ የእኛ ሥራ እነሱን መጠበቅ ነው። ወደፊትም እህትዎ ዘር ሲያመጡ እንደማንኛውም የዕፅዋት ዘር የኳራንቲን ፈቃድ እንዲያወጡለት ይንገሯቸው።

የአበባው ዘንግ ሲጠቁርና ሲደርቅ ወረቀት ላይ አራግፈው ዘሩን ይሰብስቡ፤ ዘሩ በራሱ ሳይበተን ዘንጉን ቀድመው ይቁረጡት። ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ማካፈል ይችላሉ፤ የሚሰጧቸው መምህራን ግን ቤት ውስጥ ብቻ እንዲያሳድጉት አደራ ይበሏቸው። የትሪውን ውሃ ወደ ቦይ አይድፉት፤ አሮጌውን አፈርም ከመጣልዎ በፊት የፈላ ውሃ ያፍስሱበት።